ጠላን በራሱ ሚዛን፦ ለዘንገናና ለአካባቢው ደጋ የጠላ ቅምሻ መመዘኛ ስለ ማዘጋጀት

አኅጽሮተ ጥናት

በየአካባቢው የሚጠመቁ መጠጦችን ቀምሶ የመገምገም ሥራ በዓለም ዙሪያ የራሱ ቃላት፣ የራሱ የነጥብ ሠንጠረዥና የሠለጠኑ ቀማሾች አሉት። ይህ ሥርዓት በአብዛኛው የተበጀው ለፋብሪካ ቢራ በመሆኑ፣ ጠላ በእርሱ ሲመዘን ባሕርይው እንደ ጉድለት ይቆጠራል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን፣ በተለይም በዘንገና ዙሪያ ባለው ደጋ የሚጠመቀው የገብስ ጠላ ሊመዘንበት የሚችል የቅምሻ ዘዴ ማመልከት ነው። የጽሑፉ ዋና ክርክር ገለጻና ፍርድ መለየት አለባቸው የሚል ነው፤ በመጠጡ ውስጥ ያለው ነገር አስቀድሞ ይገለጽ፣ መልካም ነው ወይስ አይደለም የሚለው ደግሞ ጠማቂዋ ካሰበችው የጠላ ዓይነት አንጻር ይፈረድ።

ቁልፍ ቃላት፦ ጠላ፣ ጌሾ፣ ገብስ፣ ቅምሻ፣ ዘንገና፣ አዊ

1. መግቢያ

ዘንገና በባንጃ ወረዳ፣ ከእንጅባራ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ አቅራቢያ፣ በጥንት እሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የተኛ ሐይቅ ነው። ዙሪያው ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው፣ ዝናብ የማይነፍገው፣ ገብስና ድንች የሚመረትበት ደጋ ነው። በዚህ ደጋ ጠላ የማይገባበት ማኅበራዊ ጉዳይ ጥቂት ነው። ለማኅበርና ለሰንበቴ፣ ለሠርግና ለተዝካር፣ ለደቦና ለዓመት በዓል ይጠመቃል። በከተሞቹ ደግሞ ብዙ ሴቶች ጠምቀው በመሸጥ ቤተሰብ ያስተዳድራሉ፤ በእንጨት ጫፍ ላይ ተደፍቶ በደጅ የሚቆም ጣሳ ጠላ መኖሩን ለመንገደኛ ለማስታወቅ በቂ ነው።

ጠላን ቀምሶ መፍረድ ለአገሬው አዲስ ነገር አይደለም። አሳላፊ ከማቅረቧ በፊት ጥቂት ቀንሳ መቅመሷ የቆየ ሥርዓት ነው፤ ጠጪውም «ጌሾው በዝቶበታል»፣ «ገና አልደረሰም»፣ «ቅራሪ ነው» እያለ በአንድ ጉንጭ ፍርዱን ይሰጣል። ይሁን እንጂ ይህ ፍርድ ከተነገረበት ቤት አይወጣም። ከዓመት ዓመት፣ ከመንደር መንደር ለማነጻጸር የሚያስችል መዝገብ አይሆንም። በአንጻሩ በጽሑፍ የሰፈረው የቢራ ግምገማ ሥርዓት ከሌላ ዓይነት መጠጥ የተወለደ ነው። አንድ ተመራማሪ በእጁ ያገኘውን የቢራ ሠንጠረዥ ይዞ ወደ ጠላ ቤት ቢገባ፣ የሚመዘግበው ጠላው ምን እንደሆነ ሳይሆን ምን እንዳልሆነ ነው።

2. የቢራ መመዘኛና ወሰኑ

የዘመናዊው የቢራ ቅምሻ ቋንቋ መሠረት የተጣለው በሞርተን ሜልጋርድና በባልደረቦቹ ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 በአውሮፓና በአሜሪካ የጠመቃ ባለሙያዎች ማኅበራት ተቀባይነት ያገኘው የቢራ ጣዕም መንኮራኩር ሽታንና ጣዕምን በ14 ምድቦች ከፍሎ በሥራቸው 44 ዋና ዋና ቃላትን አስቀምጧል። የመንኮራኩሩ ትልቅ ጥቅም «ጥሩ» እና «መጥፎ» የሚሉ ቃላትን ማስወገዱ ነው። እያንዳንዱ ቃል አንድ ሊቀመስ ወይም ሊሸተት የሚችል ነገር ያመለክታል፤ ቀማሹም በማጣቀሻ ናሙና ይለማመደዋል።

ከዚያ በኋላ የመጡት የውድድር ሠንጠረዦች ግን ፍርድን መልሰው አስገቡ። እ.ኤ.አ. በ1985 በአሜሪካ የተመሠረተው የቢራ ዳኞች ማረጋገጫ ፕሮግራም የሚጠቀምበት ሠንጠረዥ ከ50 ነጥብ ለሽታ 12፣ ለመልክ 3፣ ለጣዕም 20፣ በአፍ ውስጥ ለሚሰጠው ስሜት 5፣ ለጠቅላላ ግምት 10 ይሰጣል። ነጥቡ የሚሰጠው ቢራው «ዓይነቱ» ተብሎ ከተጻፈው መግለጫ ጋር ምን ያህል እንደሚስማማ እየታየ ነው። እንግዲህ ዓይነቱ ያልተጻፈለት መጠጥ በዚህ ችሎት ሲቀርብ በሌላው ሕግ ይዳኛል ማለት ነው።

በኢትዮጵያ በስፋት የታወቀው የፋብሪካ ቢራ ቀላ ያለ ወርቃማ መልክ ያለው፣ በቅዝቃዜ የሚብላላ፣ የተጣራ ላገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1922 ከተመሠረተው ከቅዱስ ጊዮርጊስ ጀምሮ፣ በአማራ ክልል በኮምቦልቻ፣ እ.ኤ.አ. በ2000 በጎንደር ሥራ በጀመረው ዳሸንና በኋላ በደብረ ብርሃን በተተከሉት ፋብሪካዎች ዋናው ምርት ይኸው ነው። ለዚህ ቢራ ድፍርስነት ጉድለት ነው፤ ጢስ ጢስ ማለት ጉድለት ነው፤ መኮምጠጥም ጉድለት ነው። ጠላ ደግሞ ጉሽ ሆኖ ይቀርባል፣ ጋኑ ይታጠናል፣ በእርሾና በኮምጣጣ አምጪ ባክቴሪያ በአንድነት ይብላላል። በላገር ሚዛን ሦስት ጊዜ ተከሶ ሦስት ጊዜ ይፈረድበታል።

የዓለም ልምድ ግን ይህ ፍርድ የግድ እንዳልሆነ ያሳያል። በጀርመን ባምበርግ ከተማ በጢስ የደረቀ ብቅል የሚሰጠው ጣዕም የከተማዋ ቢራ መታወቂያ ነው። በብራስልስ አካባቢ የሚጠመቀው ላምቢክ ከአየርና ከእንጨት በርሜል በሚያገኛቸው ተሕዋስያን ይብላላል፤ ኮምጣጣነቱም ክብሩ ነው። በፊንላንድ ገጠር የሚጠመቀው ሳህቲ ሳይጣራ ድፍርስ ሆኖ ይጠጣል፤ እ.ኤ.አ. በ2002 በአውሮፓ ኅብረት በባህላዊ ምርትነት ተመዝግቦ ስሙ ተጠብቆለታል። እነዚህ መጠጦች ላገር ስላልሆኑ አልተቀነሱም፤ በራሳቸው መግለጫ ስለ ተጻፉ በራሳቸው ይመዘናሉ።

3. የአጠማመቁ ሂደት በጣዕም ላይ የሚተወው ምልክት

መመዘኛ ከአጠማመቅ ሂደት መነሳት አለበት፤ ቀማሹ የሚያገኘው እያንዳንዱ ጣዕም ጠማቂዋ በአንድ ደረጃ ላይ ከወሰነችው ውሳኔ ስለሚመጣ። ሂደቱ በጥቅሉ እንዲህ ነው። ጋኑ በግራዋ ቅጠል ታሽቶ ይታጠባል፤ ከደረቀ በኋላ በወይራ ወይም በጥንጁት ጢስ ይታጠናል። የተወቀጠ ጌሾ በውሃ ተዘፍዝፎ ከብቅል ጋር ይጠነሰሳል። ጥንስሱ ሲነሣ ከብቅልና ከእህል ዱቄት የተጋገረ ቂጣ ተቆራርሶ፣ ተቆልቶ የተፈጨ አሻሮም ታክሎ ድፍድፉ ይሠራል። በመጨረሻ በውሃ ተሞልቶ አፉ ይታፈናል፤ ሲደርስም ተጠልሎ ይቀርባል። አተላው በድጋሚ ውሃ ሲጨመርበት ቅራሪ ይወጣል። ቤት ከቤት፣ መንደር ከመንደር የደረጃዎቹ ቁጥርና የእህሉ መጠን ይለያያል።

ከዚህ ሂደት አራት የጣዕም መሥመሮች ይወጣሉ። የመጀመሪያው ምሬት ሲሆን ምንጩ ጌሾ ነው። ብርሃኑ አበጋዝና ፀጋዬ ከበደ እ.ኤ.አ. በ1995 ባሳተሙት ጥናት ከጌሾ ቅጠል መራራ ንጥረ ነገር ለይተው «ጌሾይዲን» ብለው ሰይመውታል። ይህ ግኝት ለመመዘኛው አንድ ተግባራዊ ትርጉም አለው። የፋብሪካ ቢራ ምሬት የሚለካበት ዓለም አቀፍ አሐድ የተሠራው ሆፕስ ሲፈላ ለሚፈጥራቸው አሲዶች ነው። የጌሾ ምሬት ከእነዚህ አሲዶች ስለማይመጣ፣ በዚያ አሐድ የሚገኝ ቁጥር በጠላ ላይ ቢጻፍ ስለ ምሬቱ የሚነግረው የለም። የጌሾን ምሬት ለጊዜው የሚመዝነው የሠለጠነ ምላስ ነው።

ሁለተኛው መሥመር የቁሌት ጣዕም ነው፤ ምንጩ አሻሮውና የቂጣው መጋገር ነው። ቀለል ተደርጎ የተቆላ ገብስ የዳቦ ቅርፊት የመሰለ መዓዛ ይሰጣል፤ ጠቆር እስኪል የተቆላው ወደ ቡና ይጠጋል፤ ካረረ ግን ጉሮሮ የሚይዝ ምሬት ያመጣል። ይህ ምሬት ከጌሾው ምሬት ጋር በቀላሉ ስለሚምታታ ያልሠለጠነ ቀማሽ «ጌሾው በዝቷል» ሊል የሚችለው አሻሮው ባረረበት ጠላ ላይም ነው። ሦስተኛው መሥመር ጢስ ሲሆን፣ የጋኑ መታጠን ብርታቱን ይወስናል።

አራተኛው ኮምጣጣነት ነው። ሳሙኤል ሣህሌና ብርሃኑ አበጋዝ ጋሼ እ.ኤ.አ. በ1991 ስለ ጠላ ተሕዋስያን ባሳተሙት ጥናት በመብላላቱ ውስጥ እርሾና የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያ የያዙትን ቦታ አሳይተዋል። ላክቲክ አሲድ የእርጎ ዓይነት ለስላሳ ኮምጣጣነት ይሰጣል። ጋኑ ተከፍቶ አየር ሲገባው ደግሞ አልኮሉን ወደ አሴቲክ አሲድ የሚቀይሩ ባክቴሪያዎች ይበረታሉ፤ ያን ጊዜ የሚመጣው አፍንጫ የሚወጋ የአቼቶ ኮምጣጣነት ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው የጠላው ባሕርይ ሲሆን ሁለተኛው የዕድሜው ምልክት ነው። ሁለቱን በአንድ «ኮምጥጧል» በሚል ቃል መመዝገብ ባሕርይንና ብልሽትን ማደባለቅ ይሆናል።

የቦታው ከፍታም ድርሻ አለው። በዘንገና ደጋ ሌሊቱ ቀዝቃዛ በመሆኑ መብላላቱ ይዘገያል። 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት፣ ሞቅ ባለችው በዳንግላ ዙሪያ በቆሎና ዳጉሳ በብዛት ስለሚመረት የጠላው እህልም ይለወጣል። የሁለቱን ቦታ ጠላ በአንድ መግለጫ ማወዳደር የተለያየ ዓይነት መጠጥ ማወዳደር ነው፤ መመዘኛው ቢያንስ የደጋ ገብስ ጠላንና የወይና ደጋ ዳጉሳ ወይም በቆሎ ጠላን ለይቶ መጻፍ ይኖርበታል።

4. ቃላቱን ማሰባሰብ

የቅምሻ ቃላት ከመዝገበ ቃላት ወይም ከውጭ ሠንጠረዥ ተተርጉመው ሊመጡ አይገባም። ቀዳሚዎቹ የቃላት ባለቤቶች ጠማቂዎቹ ናቸው። በአዊ ደግሞ ጠማቂዎቹ አማርኛና አዊኛ ስለሚናገሩ ቃላቱ በሁለቱም ቋንቋ መሰብሰብ አለባቸው፤ በአንዱ ቋንቋ አንድ ቃል ብቻ ያለው ጣዕም በሌላው ተለይቶ ሊጠራ ይችላልና። ሥራው በሦስት ደረጃ ሊከናወን ይችላል።

በመጀመሪያ ጠማቂዎች የራሳቸውንና የጎረቤታቸውን ጠላ እየቀመሱ ስለ መጠጡ በነጻ እንዲናገሩ ተደርጎ ንግግራቸው ይመዘገባል። ቀጥሎ ከተሰበሰቡት ቃላት ውስጥ ስሜትን ብቻ የሚገልጹት ይወጣሉ። «ግሩም»፣ «የማይረባ»፣ «የእናት ጠላ» የሚሉት ፍርዶች እንጂ ገለጻዎች አይደሉም፤ «ጉሽ»፣ «ቀጭን»፣ «ጢስ ጢስ የሚል»፣ «ያረረ» የሚሉት ግን ሊቀመስ፣ ሊሸተት ወይም ሊታይ የሚችል ነገር ያመለክታሉ። በመጨረሻ ለቀሩት ቃላት ሁሉም ቀማሽ በቤቱ የሚያውቀው ማጣቀሻ ይበጅላቸዋል።

ማጣቀሻዎቹን ከገበያ ማግኘት ይቻላል። ለላክቲክ ኮምጣጣነት በውሃ የቀጠነ የእርጎ አጓት፣ ለአሴቲክ በውሃ የቀጠነ አቼቶ፣ ለጌሾ ምሬት በተመጠነ ውሃ የተዘፈዘፈና የተጠለለ ጌሾ፣ ለቁሌት በሦስት ደረጃ የተቆላ የገብስ ዱቄት፣ ለጢስ ደግሞ በታጠነ ዕቃ ያደረ ውሃ ያገለግላሉ። የጌሾው ማጣቀሻ ቅጠሉና እንጨቱ ተለያይተው እንዲዘጋጁ ይመከራል። እያንዳንዱ ማጣቀሻ መጠኑ ተጽፎ መቀመጥ አለበት፤ ያለዚያ በእንጅባራ «5» የተባለው ምሬት በዳንግላ «5» ከተባለው ጋር መገጣጠሙን ማረጋገጥ አይቻልም።

5. የቅምሻው ሥርዓት

ከግምገማ በፊት የሚጠየቀው ጥያቄ ቀማሹ ልዩነቱን በእርግጥ ያውቃል ወይ የሚለው ነው። ለዚህ የሚያገለግለው የሦስትዮሽ ፈተና ነው። ለቀማሹ ሦስት ብርጭቆ ይቀርብለታል፤ ሁለቱ አንድ ዓይነት፣ አንዱ የተለየ ነው፤ ቀማሹ የተለየውን ያወጣል። በግምት የመሳካት ዕድሉ ከሦስት አንድ ነው። ስለዚህ ከ24 ቀማሾች 8ቱ ቢያገኙት ምንም አልተረጋገጠም፤ በ5 በመቶ የስሕተት ወሰን ልዩነት አለ ለማለት ቢያንስ 13ቱ በትክክል ማውጣት አለባቸው። የሁለት ጠላዎች ናሙና በ6 ቅደም ተከተል ሊደረደር ስለሚችል የቀማሾቹ ቁጥር በ6 የሚካፈል ቢሆን ይመረጣል። ይህ ፈተና ለፋብሪካ ቢራም ይሠራል። ስያሜው ተሸፍኖ ሁለት ላገሮችን መለየት የማይችል ገምጋሚ ስለ ሁለቱ የሚጽፈው ግምገማ የጠርሙሱን ወረቀት እንጂ የቢራውን ጣዕም አይመለከትም።

ልዩነት መኖሩ ከተረጋገጠ በኋላ ከ8 እስከ 12 የሠለጠኑ ቀማሾች የገለጻውን ሥራ ይሠራሉ። ናሙናዎቹ በሦስት አኃዝ ቁጥር ብቻ ይጠራሉ፤ የጠማቂዋ ስምና የሰፈሩ ስም አይነገርም። ሁሉም በአንድ ዓይነት ብርጭቆ፣ በአንድ ሙቀት፣ ለየቀማሹ በተለያየ ቅደም ተከተል ይቀርባሉ። የእያንዳንዱ ናሙና መጠን 50 ሚሊ ሊትር ቢሆን በአንድ ቀን ከ6 ናሙና መብለጥ የለበትም። በታተሙ ጥናቶች ለተራ ጠላ ከሚሰጠው ከ2 እስከ 4 በመቶ የአልኮል መጠን ላይኛውን ብንወስድ እንኳ 300 ሚሊ ሊትር ከ10 ግራም ያነሰ ንጹሕ አልኮል ይይዛል። ፊልተር ጠላ ከ5 እስከ 6 በመቶ ስለሚደርስ የናሙናው ቁጥር መቀነስ አለበት። ቀማሽ ናሙናውን እንዲተፋ ዕቃ ይዘጋጅለታል።

በአገሬው ልማድ ውስጥ ለቅምሻ የማይመቹ ነገሮች አሉ። ከጠላ ጋር የሚቀርበው የገብስ ቆሎ ለጨዋታ ይስማማል፤ ለቅምሻ ግን አፍን በቁሌት መዓዛ ስለሚሞላ የአሻሮውን ደረጃ ያደበዝዛል። እንጀራም ኮምጣጣ በመሆኑ የጠላውን ኮምጣጣነት ዝቅ አድርጎ ያሳያል። በናሙናዎች መካከል አፍን ለማጽዳት ውሃና ጨው የሌለበት የስንዴ ዳቦ ይበቃል። ቡና የሚፈላበት፣ እጣን የሚጨስበት ክፍል ለጢስ ገለጻ አይሆንም። የጾም ቀናትም በመርሐ ግብሩ ውስጥ መታሰብ አለባቸው፤ ጾመኛ ቀማሽ በባዶ ሆዱ እንዲቀምስ ማድረግ ከሥርዓትም ከውጤትም አንጻር ተገቢ አይደለም። ነፍሰ ጡሮች፣ ከአልኮል ጋር የማይስማማ መድኃኒት የሚወስዱና በእምነታቸው የማይጠጡ ሰዎች በቀማሽነት አይጠሩም።

ምላስ የማይደርስበት ነገርም አለ። በደንብ ካልደረቀ ብቅል ወይም በእርጥበት ከተቀመጠ እህል የሚመጣ የሻጋታ መርዝ ጣዕም ላይኖረው ይችላል። ስለዚህ «ጥሩ ጣዕም አለው» ማለት «ጤናማ ነው» ማለት አይደለም፤ ናሙናዎች ለቀማሽ ከመቅረባቸው በፊት በላቦራቶሪ መታየት አለባቸው።

መዝገቡ በሁለት ገጽ ይከፈላል። በመጀመሪያው ገጽ ቀማሹ መልክን፣ ውፍረትን፣ አራቱን የጣዕም መሥመሮች፣ ጣፋጭነትንና ከተዋጠ በኋላ የሚቀረውን ጣዕም ከ0 እስከ 9 ባለው ልኬት ይሞላል፤ እዚህ ገጽ ላይ መውደድና መጥላት አይጻፍም። በሁለተኛው ገጽ ጠማቂዋ አስቀድማ ያስመዘገበችው ዓይነት፣ ማለትም ጉሽ፣ የጠራ፣ ፊልተር ወይም ቅራሪ፣ ይገለጥለትና መጠጡ ከታሰበው ጋር መስማማቱን ይፈርዳል። ቅራሪ ቀጭን በመሆኑ፣ ጉሽም ድፍርስ በመሆኑ ነጥብ አይቀነስበትም። የሻጋታ ሽታ፣ የአረረ አሻሮና ጋኑ በተከፈተበት ዕለት የሚታይ የአቼቶ ሽታ ግን በየትኛውም ዓይነት ጉድለት ናቸው። ጋኑ ከተከፈተ ስንት ሰዓት እንደሆነው በሁለቱም ገጽ ራስ ላይ ይጻፋል፤ ጠላ በመጀመሪያው ቀንና በአራተኛው ቀን አንድ መጠጥ አይደለምና።

6. ከቡና ቅምሻ የሚገኝ ትምህርት

ኢትዮጵያ በአንድ መጠጥ ላይ የሠለጠነ ምላስ ምን እንደሚሠራ ከራሷ ታሪክ ታውቃለች። ቡና በቀማሾች ደረጃ ይወጣለታል፤ እ.ኤ.አ. በ2008 ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያም የፍሬውን መልክና የስኒውን ጣዕም አይቶ ደረጃ ሲሰጥ ቆይቷል። በዓለም ገበያ ከ100 ነጥብ 80ና ከዚያ በላይ ያገኘ ቡና ልዩ ጣዕም ካላቸው ይመደባል፤ ይህ ቁጥር ዋጋ ይለውጣል። እ.ኤ.አ. በ2020 «የልህቀት ስኒ» የተባለው ውድድር ለመጀመሪያ ጊዜ በኢትዮጵያ ሲካሄድም ከዚያ ቀደም በጅምላ ይሸጥ የነበረ የገበሬ ቡና በስሙ ለጨረታ መቅረብ እንደሚችል ታይቷል።

ጠላ እስከ አሁን የሚሸጠው በልኬት ነው። ጌሾ መርጣ፣ ገብሱን አብስላ ቆልታ፣ ጋኗን አጥና የጠመቀችውና ቸኩላ የጠመቀችው በአንድ ጣሳ አንድ ዋጋ ሊያገኙ ይችላሉ። የሚለያቸው የደንበኛ ወሬ ብቻ ነው። የተጻፈ መመዘኛ ለብርቱዋ ጠማቂ ሥራዋን የምታስረዳበት ቋንቋ ይሰጣታል።

ነገር ግን የቡናው ትምህርት ማስጠንቀቂያም አለው። ነጥቡን የሚሰጠው ሠንጠረዥ የገዢዎች ቋንቋ በመሆኑ፣ አምራቹ የራሱን ቡና በባዕድ ቃል እንዲያውቅ ተገዷል። የልዩ ቡና ማኅበር ራሱ እ.ኤ.አ. በ2023 ባስተዋወቀው አዲስ መመዘኛ ገለጻንና የመውደድ ፍርድን በተለያየ ቅጽ ለይቷቸዋል። የጠላ መመዘኛ ይህን ከጅምሩ ቢያደርግ፣ ቃላቱንም ከጠማቂዎቹ ቢያገኝ፣ ቡና ዘግይቶ የደረሰበትን መንገድ ያሳጥራል።

7. ገብሱ ከማሳው ሲርቅ

ይህ ሥራ ለነገ የማይባልበት ምክንያት ከጠላ ቤቱ ውጭ፣ በማሳው ላይ ይገኛል። የአዊ ደጋ አፈር በብዙ ቦታ አሲዳማ ነው፤ ገብስ በእንዲህ ያለ አፈር ላይ ያለ ኖራ የሚሰጠው ምርት ይቀንሳል። ባለፉት አሥርት ዓመታት በፋግታ ለኮማ፣ በባንጃና በአጎራባች ወረዳዎች ብዙ ገበሬዎች ማሳቸውን ከአውስትራሊያ በመጣው ዲከረንስ በተባለው ግራር ሸፍነዋል። ዛፉ በ4 ወይም በ5 ዓመት ለከሰል ይደርሳል፤ በመጀመሪያው ዓመት በችግኞቹ መካከል እህል ይዘራል፤ ከተቆረጠ በኋላም አፈሩ ይሻሻላል። ለገበሬው ይህ አሳማኝ ስሌት ነው፤ ጥሬ ገንዘብ የሚያስገኘውን ትቶ በደከመ አፈር ላይ ገብስ እንዲዘራ ሊፈረድበት አይችልም።

ይሁን እንጂ ማሳው ሲቀየር አብሮ የሚቀየር ነገር አለ። ቤተሰቡ የራሱን ገብስ ካላመረተ ጠላውን ከገበያ በተገዛ እህል ይጠምቃል። በገበያው ያለው ገብስ ከየት እንደመጣ፣ ምን ዝርያ እንደሆነ አይታወቅም። ለፋብሪካ ብቅል የሚመረጠው ገብስም ፍሬው እኩል የሆነ፣ ፕሮቲኑ መጠነኛ የሆነ፣ ብዙ ስኳር የሚሰጥ እንጂ ለአሻሮ የሚጥም ተብሎ አይደለም። የኢትዮጵያ ብዝሀ ሕይወት ኢንስቲትዩት ከ1976 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የነባር ዝርያዎችን ዘር በባንክ ሲያስቀምጥ ቆይቷል፤ ዘሩ ከባንኩ ወጥቶ እንደገና ሊዘራ ይችላል። ዘር ግን ጣዕሙን አይናገርም። የትኛው ዝርያ ምን ዓይነት አሻሮ እንደሚወጣው፣ ምን ያህል ጌሾ እንደሚሸከም የሚያውቁት በእርሱ ሲጠምቁ የኖሩ ሴቶች ናቸው፤ እነርሱ ሲያልፉ ያ እውቀት የሚቀመጥበት ሌላ ባንክ የለም።

የቅምሻ ዘዴው በዚህ ጉዳይ ላይ ሊፈተን የሚችል ጥያቄ ያቀርባል። በአንዲት ጠማቂ እጅ፣ በአንድ ጌሾ፣ በአንድ ዓይነት ጋን፣ አንዱ በደጋው ነባር ገብስ ሌላው በገበያ ገብስ የተጠመቁ ጠላዎች በሦስትዮሽ ፈተና ይቅረቡ። ቀማሾቹ ከለዩዋቸው፣ ነባሩ ገብስ በጣዕሙ ዋጋ እንዳለው የሚያሳይ ማስረጃ ተገኘ ማለት ነው፤ ይህም ጥቂት ጥማድ መሬት ለእርሱ ለማቆየት የሚቀርበውን ሐሳብ ከትዝታ ወደ መረጃ ያሸጋግረዋል። ካልለዩዋቸው ደግሞ የጠላው ማንነት ከዝርያው ይልቅ በጠማቂዋ እጅ፣ በጌሾውና በጢሱ ላይ የተመሠረተ ሊሆን ይችላል፤ ይህም ውጤት እኩል መታተም ይገባዋል። ፈተናው ሁለቱንም መልስ ለመቀበል ካልተዘጋጀ ጥናት አይሆንም።

8. ማጠቃለያ

ጠላ ቢራን ለመምሰል ባልጠመቀ ሰው እጅ የተጠመቀ መጠጥ ነው። ስለዚህ የሚመዘነው በተጠመቀበት ሐሳብ ሊሆን ይገባል። ከዚህ በላይ የቀረበው ዘዴ ሦስት ነገሮችን ይጠይቃል፦ ቃላቱ በሁለቱም ቋንቋ ከጠማቂዎች ይሰብሰቡ፤ ገለጻ ከፍርድ ይለይ፤ ልዩነት አለ ከመባሉ በፊት ልዩነቱ በስውር ቅምሻ ይረጋገጥ። ለዚህ የሚያስፈልገው ዕቃ ውድ አይደለም። ብርጭቆ፣ ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት፣ እርጎ፣ አቼቶ፣ ጌሾና የተቆላ ገብስ በዘንገና ዙሪያ በማንኛውም ገበያ ይገኛሉ። በእንጅባራ ያለው ዩኒቨርሲቲም ለዚህ ሥራ ቅርብ ነው፤ የምግብ ሳይንስ፣ የግብርናና የቋንቋ ተማሪዎች በአንድ ጠረጴዛ ሊቀመጡበት የሚችሉበት ርዕስ ነው። የሚቀድመው ሥራ ጠማቂዎቹን በመረጃ ሰጪነት ብቻ ሳይሆን በመጀመሪያዎቹ ቀማሾችነት መጋበዝ ነው፤ የመመዘኛው የመጀመሪያ ረድፍ በእነርሱ ቃል ካልተጻፈ የቀሩት ረድፎች የሌላ መጠጥ መዝገብ ይሆናሉ።